ጉባኤው ሳይሞላ የማይበራ መብራት

ስሙማ! ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባል፣ በጨለማ የሚያበራ የባህር ባክቴሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን ባክቴሪያ በመረቅ የሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ነገር ግራ ገባቸው። ትኩስ መረቅ ውስጥ ጥቂት ጣል ሲያደርጉበት ወዲያው ይራባል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ብርሃኑ ግን ንቅንቅ የለም። ሰዓታት ያልፋሉ። ብልቃጡ በባክቴሪያ ሲደፈርስ፣ ያኔ ብቻ፣ ቦግ!

ምን ነካው? አንዳንዶች በመረቁ አሳበቡ። ብርሃን የሚያፍን ነገር አለበት፣ ባክቴሪያዎቹ እሱን ሲጨርሱት ይበራሉ አሉ። በሀርቫርድ ኬኔዝ ኒልሰንና ዉድላንድ ሄስቲንግስ ከባልደረባቸው ጋር በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ገለበጡት፦ የሚጠፋ ነገር ሳይሆን የሚጠራቀም ነገር አለ። እውነትም ብዙ ባክቴሪያ ያደገበትን መረቅ አጣርተው ጥቂት ባክቴሪያ ቢጨምሩበት፣ ጊዜው ሳይደርስ ይበራል።

የሚጠራቀመው አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ናት። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ሳያቋርጥ ጥቂት ጥቂት ያመነጫታል፤ ከሴሉ ትወጣለች፣ ትገባለች። ብቻውን ከሆነ ውሃው ይዞበት ይሄዳል። ሲበዙ ግን ትከማቻለች፤ ልክ ስታልፍ አንድ ፕሮቲን ይይዛትና የብርሃኑን ጂኖች ያስነሳል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ከሚነሱት ጂኖች አንዱ ራሷን ሞለኪውሏን የሚያሠራው ነው። ቦግ ማለቱም ለዚህ ነው። የእድር ጉባኤ ሳይሞላ ገንዘብ እንደማይነካ፣ እነዚህም ሳይሞሉ ጉልበታቸውን አይነኩም። ሰብሳቢ የለ፣ ስም ጠሪ የለ!

ደግሞስ ይህን ብርሃን ማን ይፈልገዋል? በሃዋይ ዳርቻ የሚኖር፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ስኩዊድ። ሌሊት ለአደን ሲወጣ ጨረቃ ከላይ ታበራበታለች፤ ከታች የሚጠብቀው ጠላት ጥላውን ያያል። ስለዚህ በሆዱ በኩል እንደ ጨረቃዋ መጠን ያበራና ጥላውን ያጠፋል። መብራቱ ባክቴሪያው ነው። በባህሩ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት መቶ ቢገኝ ነው፤ በስኩዊዱ የብርሃን ከረጢት ውስጥ ግን በዚያው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ቢሊዮን አያንስም። ጎህ ሲቀድ ስኩዊዱ ከመቶው ዘጠና የሚያህለውን ወደ ባህር ተፍቶ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። የቀሩት ቀኑን ሙሉ ሲራቡ ውለው፣ ሲመሽ እንደገና ሞልተው ይጠብቁታል።

የቪብሪዮ ፊሸሪ ዘመድ የሆነው የኮሌራ ባክቴሪያ ግን አመሉ የተገላቢጦሽ ነው። ጥቂት ሳለ አንጀት ላይ ተጣብቆ መርዙን ይረጫል፤ ሲበዛ መርዙን ትቶ በተቅማጡ ለመውጣት ይነሳል። እንግዲህ ይህን ጠላት ዝም ማሰኘት አይጠቅምም፤ ሳይበዛ «በዝተሃል» ማለት ነው የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የፕሪንስተኗ ቦኒ ባስለርና ባልደረቦቻቸው ኮሌራ መብዛቱን የሚያውቅባትን ሞለኪውል ለይተው አወቋት። በ2010 ደግሞ የኮርኔል ተመራማሪዎች ጉዳት የማያደርስ የአንጀት ባክቴሪያ ወስደው ሞለኪውሏን እንዲያመነጭ አደረጉትና ለአይጥ ግልገሎች አስቀድመው ሰጧቸው። ኮሌራው ተከትሎ ገባ። ገና ጥቂት ነው፤ ግን ጉባኤው የሞላ መሰለው። ሐሰተኛው ወሬ ቀድሞ ከደረሰላቸው ግልገሎች የተረፉት፣ ካልደረሰላቸው በእጅጉ በለጡ።