ሆርሞን አልባ የወሊድ መቆጣጠሪያ

ሆርሞን አልባ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚባሉት በሴቷ ሰውነት ላይ ሆርሞን ሳይጨምሩ እርግዝናን የሚከላከሉ ዘዴዎች ናቸው። እንክብል፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው መቆጣጠሪያ ሆርሞን ስላላቸው ከእነዚህ አይቆጠሩም። ሆርሞን ያልተስማማቸው ወይም እንደ ጡት ካንሰር ባለ ሕመም ምክንያት የተከለከሉ ሴቶች ከሚከተሉት ይመርጣሉ።

የመዳብ ሉፕ፦ በጤና ባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የተጠመጠመበት መዳብ የወንዱን ዘር እንቅስቃሴ ያዳክማል። ቲ 380 ኤ የተባለው ዓይነት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለግላል፤ በመጀመሪያው ዓመት የማርገዝ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው። ሲወጣ የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ነገር ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባ ደምና ቁርጠት ሊጨምር ስለሚችል፣ የደም ማነስ ያለባት ሴት አስቀድማ ባለሙያ ማማከር ይገባታል።

ኮንዶም፦ ሁልጊዜ በትክክል ከተጠቀሙበት በዓመት ከ100 ሴቶች 2 ያህል ያረግዛሉ፤ በተለመደው አጠቃቀም ግን ቁጥሩ 13 ይደርሳል።

ጡት ማጥባት፦ የሚያስተማምነው ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባና የእናትየዋ የወር አበባ ገና ሳይመለስ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ቀን መቁጠር፦ የወር አበባ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነ ሴት ከ8ኛው እስከ 19ኛው ያሉት ቀናት ለእርግዝና የሚያጋልጡ ተደርገው ይቆጠራሉ። ዑደቱ ከተዛባ ዘዴው አያስተማምንም።

ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከለው ከእነዚህ መካከል ኮንዶም ብቻ ነው። ስለዚህ ሉፕ ያስቀመጠች ሴትም ለበሽታ የመጋለጥ ስጋት ካለባት ኮንዶም ያስፈልጋታል።