ከካርታው ግርጌ

አያቴ ያረፈበት ቀዬ ከሉማሜ ብዙም አይርቅም። ቤቱ ፈርሶ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። ባለፈው ክረምት እዚያ ቆሜ ቦታውን በስልኬ ለካሁት፤ ማታም ከባንክ ሥራዬ መልስ አንድ አሮጌ 1 ለ50,000 ካርታ በኮምፒዩተር ላይ ዘርግቼ ነጥቡን አሳረፍሁበት። ነጥቡ ወንዙን ተሻግሮ ከሰው ማሳ ገባ። በእኛ አገር ድንበር መግፋት ደም ያቃባል፤ እኔ ግን ተቀምጬ ከ200 ሜትር በላይ ገፋሁ።

መጀመሪያ ካርታ ሠሪዎቹን አማሁ። ኋላ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ክቧን ምድር በዝርግ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ስሌት ፕሮጀክሽን ይባላል። ካርታውም እኔም የተጠቀምነው ዩቲኤም ነበር፤ ዞኑም አንድ፣ 37። የተለያየነው ከፕሮጀክሽኑ ሥር ባለው፣ ዳተም በሚሉት የልኬት መሠረት ነው። ስልኬ የሚከተለው ለመላው ዓለም የተበጀውን ደብልዩጂኤስ 84 ነው። አሮጌው ካርታ ግን እንግሊዛዊው ክላርክ በ1880 እ.ኤ.አ. ያሰላውን የምድር ቅርጽ ይዞ፣ አዲንዳን ከተባለ ቦታ ይነሣል።

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረች የኑብያ መንደር ናት። ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የአሜሪካ ባለሙያዎች ከተራራ ተራራ እያነጣጠሩ የዓባይን ተፋሰስ ሲለኩ፣ ሥራቸው ከሱዳኑ ልኬት ጋር ተያያዘ። የእኛም ወንዝና ኮረብታ ሁሉ በዚያ መነሻ ተቆጠረ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተሠራ። የአዲንዳን ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሄዱ፤ መንደሪቱንም ውኃ ዋጣት። ውኃው እንግዳ አይደለም፤ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ነው። የአያቴን ደጅ አጥቦ ዓባይ የሚገባው ጅረትም አብሮት አለ። ደጃችን የተለካበትን መነሻ ያሰጠመው የደጃችን ውኃ ነው።

በሶፍትዌሩ ላይ ትክክለኛውን ዳተም ስመርጥ ነጥቡ ወንዙን ተመልሶ ከአያቴ ፍርስራሽ ላይ አረፈ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። እኔ ሄጄ የምቆምበት መሠረት አለኝ፤ የአዲንዳን ልጅ የአያቱን ደጅ ቢፈልግ የሚያገኘው ሐይቅ ነው።

ስሟ ግን ከካርታችን ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ስንት ዓመት ሳላነብበው አልፌዋለሁ።