ስላይድ-አውት

አሜሪካ ውስጥ የሞተርሆም (የመኖሪያ መኪና) ሻጮች «ስላይድ-አውት» የሚሉት፣ መኪናው ሲቆም ከጎኑ ወደ ውጭ የሚወጣውን የክፍል ክፋይ ነው። እኔ «መሳቢያ ክፍል» ብዬ ብጠራው ደስ ይለኛል፤ እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ ይወጣል፣ ለጉዞ ተመልሶ ይገባል። ምክንያቱ የመንገድ ሕግ ነው፦ የመኪናው ስፋት ከ2.6 ሜትር ገደማ አያልፍም። ቆሞ ግን ሶፋውና ጠረጴዛው በሞተር ተገፍተው ሲወጡ ወለሉ ይለቀቃል።

ያስፈልጋል? ለወራት አንድ ቦታ ለሚኖር፣ በተለይ ልጆች ላሉት፣ አዎ። በየቀኑ ቦታ ለሚቀይር ግን ክብደቱና በጠርዙ ያለው የጎማ ማሸጊያ ሲያረጅ የሚገባው ዝናብ ይበዛበታል። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያውን አስገብታችሁ ውስጡን ተመላለሱበት። ያኔ መጸዳጃው ጋ መድረስ ካልቻላችሁ፣ መሳቢያውን ሳታወጡ መንገድ ዳር ለምሳ ስትቆሙም አትደርሱም።