አንኮበር ጉም ነው

አንኮበርን ያየ ያውቃል፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጡ የከተሙበት ያ ተራራ ክረምት ሲገባ ጉም ይውጠዋል። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይወጣና መጀመሪያ ገደሉን፣ ቀጥሎ ጥዱን፣ ከዚያም ጎረቤላ ከተማን ይሸፍናል። እዚያ አንድ የአርሴናል ደጋፊ ወጣት ይኖር ነበር።

ይህ ልጅ መድፈኞቹን የሚወዱ ሰዎች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበረ። አንዱ ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ላሊበላ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደግሞ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ፊት ለፊት የተያዩት ጥቂቶች ናቸው። ጨዋታ ባለ ቁጥር ግን ይሰበሰባሉ፣ አሰላለፍ ያወጣሉ፣ ዳኛውን ያማርራሉ፣ ይተራረባሉ፣ ከዚያም የታመመ ካለ ይጠይቃሉ፣ ሐዘን የደረሰበት ካለ አዋጥተው ይልካሉ። ልጁ ዝምተኛ ነው። ልማዱ አንዲት ነበረች፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል በመስኮት ወደ ውጭ ያይና «አንኮበር ጉም ነው» ብሎ ይጽፋል። ጉም የሆነ ቀን እናሸንፋለን ብለው ያምኑ ነበርና ሁሉም ያችን ቃል ይጠብቃሉ።

ከዚያ የ2015 ክረምት መጣ። በአማራ ክልል ግጭት በረታ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በዚያው ሰሞንም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አዲሱ የውድድር ዘመን ሊጀመር ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። በዚያ ዓመት ልጁን የቀበረ አለ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ አለ፤ ስለዚህ ወጣቱ ግሩፑን መናፈቁን ለማንም አልተናገረም። ውጤቱን ከራዲዮ ይሰማል። ኅዳር 25 ቀን 2016 ሌሊት የአርሴናሉ ዴክላን ራይስ በ97ኛው ደቂቃ ሉተንን 4 ለ 3 የሚያሸንፉባትን ጎል በግንባሩ ሲያስቆጥር እሱ ተኝቶ ነበር፤ ጠዋት ሰማ፣ ወደ ደጅ ወጣ፣ የሚያወጋው ሰው አጣ፣ ተመልሶ ገባ። ግንቦት 11 ቀን ቡድኑ 89 ነጥብ ይዞ በማንቸስተር ሲቲ በ2 ነጥብ ብቻ ተበልጦ ዋንጫውን ሲያጣም ብቻውን አዘነ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ኢንተርኔቱ በአንዳንድ የክልሉ ከተሞች መመለስ መጀመሩ ተሰማ። ነሐሴ 11 ቀን፣ ቅዳሜ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ልጁ ጋቢውን ደርቦ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈረ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ረዳቱ መስታወቱን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ገብሱ ግራና ቀኝ ለምልሟል፣ በጎቹ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል። ከተማው ደረሰና ዋይፋይ ያለው ሻይ ቤት ገብቶ፣ እጁን በብርጭቆው ሙቀት አፍታትቶ ስልኩን ከፈተ።

አካውንቱ የለም። ቴሌግራም ብዙ ወር ያልተከፈተን አካውንት ይሰርዛል፤ በዚያው ቁጥር እንደ አዲስ ተመዘገበ፣ የደብረ ብርሃኑ ጓደኛው ሊንክ ላከለት፣ ገባ። የድሮ ጽሑፎቹ እዚያው አሉ፤ ከላያቸው ግን በስሙ ፋንታ «የተሰረዘ አካውንት» ይላል።

«ማን ነህ ወንድሜ?» አለው አንዱ።

ጣቱ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ «አንኮበር ጉም ነው» ብሎ ጻፈ።

ግሩፑ ለአፍታ ጸጥ አለ፣ ከዚያም መልእክቱ እንደ ዝናቡ ወረደ። «አለህ እንዴ!» «እንኳን ለዚህ አበቃህ!» «እናትህ ደህና ናቸው?» የዱባይዋ ልጅ መጨረሻ ላይ መጣችና እንዲህ አለችው፦ «ዓመቱን ሙሉ በየጨዋታው እየተፈራረቅን አንተን ተክተን ስንጽፍልህ ነበር። ያንተ ቦታ ባዶ ሆኖ ጨዋታ ጀምረን አናውቅም።» በ11 ሰዓት ጨዋታው ተጀመረ፤ ሃቨርትዝና ሳካ አገቡ፣ ዎልቭስ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ ልጁ ግን ጎሎቹን በእንባ መካከል ነበር ያያቸው።

ወዳጆቼ፣ ጽዋ የጠጣችሁ ይህን ታውቃላችሁ፤ የማኅበር ቀን የቀረ ሰው ድርሻው ተቋጥሮ ወደ ቤቱ ይላክለታል። እነዚህ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የሚልኩበት መንገድ ቢዘጋ የወንድማቸውን ድርሻ ሳይነኩ አቆዩለት።

ልጁ ያመለጠውን የዓመት ወሬ ላንብብ አላለም። ስሞቹን አንድ በአንድ ተመለከተና «የላሊበላው ልጅስ? ድምፁን የሰማ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የሰማ አልነበረም፤ በማግስቱ አንዱ ስልክ ቁጥሩን ከዘመድ ሊያፈላልግ ቃል ገባ። እናንተም ከዝምታ የተመለሳችሁ እንደሆነ እንዲሁ አድርጉ፤ እንኳን ደህና መጣህ መባል ደግ ነገር ነው፣ ግን የተቀበላችሁት ገና ላልመጣው እንድትጠይቁለት ጭምር ነው።