ታንኳውን ማን ሠራው?



በማለዳ ከባሕር ዳር ከተማ ወደ ጣና ዳርቻ የወረደ ሰው፣ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ በውሃው ላይ እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር የሚንቀሳቀስ ነገር ያያል። ሲቃረብ ማገዶ የጫነ ታንኳ ይሆናል። ቀዛፊው ረጅሙን ዘንግ እየገፋ ወደ ዳር ይደርሳል፤ እንጨቱ ይወርዳል፤ ገዢው ዋጋ ተከራክሮ ይሸከማል፤ እናት ቤት ውስጥ እሳት ታነዳለች፤ እንጀራው ይጋገራል። ውድ አንባቢ ሆይ! በዚህ ሁሉ መካከል «ታንኳውን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አጋጥሞህ ያውቃልን?

ይህ ጥያቄ የጣና ብቻ አይደለም። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞችን ይዘው የሚንሸራሸሩ ታላላቅ መርከቦች አሉ። እነዚህ መርከቦች በየጥቂት ዓመቱ ከውሃ ወጥተው ይታደሳሉ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከእነርሱም መካከል ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና የደረጃውን መደገፊያ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ፣ አሮጌውን ቅብ እየፋቁ፣ ቫርኒሹን ደጋግመው እየቀቡ እንጨቱን እንደ መስታወት የሚያበሩ አሉ። ሥራቸው ሲያልቅ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገደኛው ይገባል። በሚያብረቀርቀው ጠረጴዛ ላይ ሻዩን ያስቀምጣል እንጂ የማን እጅ እንዳበራው አይጠይቅም። የባሕሩ ጨውና ፀሐዩ ደግሞ ያንን ውበት መልሶ ያደበዝዘዋል፤ ሠራተኛውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ እንጨት እንደገና ይፈትጋል።

የጣና ታንኳ ሠሪም ሕይወት እንዲሁ ነው፤ የርሱስ ይብሳል። የመርከቡ ሠራተኛ ተረስቷል፤ የታንኳው ሠሪ ግን ከመረሳትም አልፎ ተንቋል። የናቅነው ደግሞ ሌላ ሰው ብቻ ሳይሆን እኛም፣ የአንድ ቂብላ ሰዎች ነን። ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ በበዛበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይዘልም። ዓባይ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው በባሕር ዳር በኩል ነው። በዳርቻው ረግረግ ውስጥ ደንገል የሚባለው ረጅም ተክል ይበቅላል፤ ጥንት ግብጾች ወረቀት የሠሩበት ተክል ይኸው ነው። በዚህ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ሙስሊሞች ነገደ ወይጦ ይባላሉ። አባቶቻቸው የዓባይን ወንዝ ተከትለው ከግብጽ እንደመጡ ይተርካሉ።

ታንኳው እንዲህ ይሠራል። ደንገሉ ይታጨዳል፤ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቢጫ እስኪሆን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በእቅፍ በእቅፉ ይታሰርና በልጥ ይጠፈራል። መሠረቱ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙ ይነሣል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። በውስጡ ደግሞ ሌላ ደረቅ ደንገል ይነጠፋል፤ ሰውና ጭነት የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ውሃ ከሥር ቢገባም ታንኳው ቶሎ አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ሆድ የያዘው አየር ነውና። ነገር ግን ቀን በገፋ ቁጥር ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉዞ ሲመለስ ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ሠሪው አንዱን ጨርሶ ሳያርፍ የሌላውን ደንገል ማጨድ ይጀምራል።

በዚህ ታንኳ ምን ያልተጓዘ አለ? የዘጌ ቡና ተጉዟል፤ የደሴቶቹ እህልና ማገዶ ተጉዟል፤ መነኩሴው ወደ ገዳሙ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው፣ ሙሽራዋ ወደ ባሏ ቤት ተሻግራለች። ሐይቁን የሚሻገር ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ የእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነበር።

ታሪክ የጻፉት ግን ስለ እነርሱ ጥቂት ብቻ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚህ አካባቢ አልፎ ነበር። ወይጦዎች በአገሩ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰማና ሊመረምር ፈለገ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች እንዲመጡለት አደረገ። ሰዎቹ ግን በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም እንኳ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። አንባቢ ሆይ! እስቲ ራስህን በእነዚያ ሁለት ሰዎች ቦታ አስቀምጥ። ከጎጆህ ተይዘህ ቤተ መንግሥት ቀርበህ፣ የማታውቀው ሰው በገመድ እያስፈራራ ስለ እናትህ ቋንቋ ቢጠይቅህ ምን ትል ነበር?

ከ130 ዓመት በላይ አለፈ። ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 ሲመጣ አንድ ሰው በሞተው ቋንቋ ዘፈን አሰማው፤ ነገር ግን ዘፋኙ ራሱ የሚዘፍነውን አያውቀውም ነበር። ከዚያ ቋንቋ የቀሩት ጥቂት ቃላት የጉማሬን የአካል ክፍሎች የሚጠሩ ነበሩ። አንድ ሕዝብ ቋንቋውን እንዲህ ሲያጣ፣ የአባቶቹን ነገር ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው በምን ነበር? በእጁ ነበር። ደንገሉን የሚያጥፍበት፣ ልጡን የሚያጠብቅበት አኳኋን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ ነው።

ታዲያ ለምን ተናቁ? የአገራችንን የሙስሊሞች ታሪክ ያነበበ የነገሩን ሥር ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ በጎንደር አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆነ። መሬት የባለርስት በሆነበት አገር ሙስሊሙ ርስት ስለማይፈቀድለት ፊቱን ወደ ሽመና፣ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ አዞረ። እጅ ሥራ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። ሸማኔው ተናቀ፤ ቀጥቃጩ ተናቀ፤ ሸክላ ሠሪዋ ተናቀች።

እስከዚህ ድረስ በደሉ በሁላችንም ላይ የደረሰ ነው። የነገደ ወይጦ ግን ሌላም አለበት። ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ ሙስሊሙም «እነርሱማ ከኛ አይደሉም» አላቸው። የራሳቸውን አዱኛ የተነፈጉት ሙስሊሞች ከእነርሱ በታች የሚንቁት ሰው አገኙ። በመሬት የተገፋው ተገፍቶ በሰሐን ሌላውን ገፋ። ስለ ጉማሬ ሥጋ የፊቅህ ዑለማዎች የሚሉት ራሱን የቻለ መስአላ ነው፤ ሰላምታ የሚያቀርብልህን ሰው ከማዕድህና ከጋብቻህ ማግለል ግን ከየትኛው ኪታብ ተገኘ? ዛሬ አብዛኞቹ ጉማሬ ማደኑን ትተዋል። ንቀቱ ግን ከምክንያቱ በኋላ እንኳ ቀርቷል።

ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ልጅ ሆኜ፣ ገና ቂርአት በጀመርኩበት ወቅት፣ አንድ ሽማግሌ የወፍጮ ድንጋይ ሊሸጡልን ወደ ቤታችን መጡ። የወይጦ ሰው ነበሩ። በር ላይ ቆመው ሰላምታ አቀረቡ፤ ቤተሰቡም በሙሉ ቃል መለሰ። ፀሐዩ ስለበረታባቸው ውሃ ለመኑ። ውሃ ተሰጣቸው፤ ነገር ግን በጣሳ አልነበረም። እኔ ከማሰሮው እየቀዳሁ በእፍኛቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም «እደግ ልጄ» ብለው እርጥብ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። መዳፋቸው እንደሚሠሩት ድንጋይ ሸካራ ነበር።

በማግሥቱ ይህንኑ ለሸኻችን ነገርኳቸው። የጠበቅሁት «ደግ አደረግህ፣ የተጠማ አጠጣህ» እንዲሉኝ ነበር። እርሳቸው ግን ኪታቡን አጥፈው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሰላምታቸውን መለሳችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ ሸኾች፣ መለስን» አልኩ።

«ታዲያ ሰላሙን የመለሰ ቤት ጣሳውን ምነው ነፈገ?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ውድ አንባቢ! ቁርኣን በሱረቱ ሁድ የነቢዩ ኑሕን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ይተርክልናል። መርከቡን ሲሠሩ የሕዝባቸው ታላላቅ ሰዎች ባለፉ ቁጥር ይሳለቁባቸው እንደነበር ይነግረናል። ልብ በል! በአላህ ትእዛዝ የሚሠራ መርከብ ሠሪ፣ ያውም ነቢይ፣ በሥራው ተሳለቁበት። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እየሠሩ ጥሩር ያበጁ ነበር፤ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተነግሯል። በእጅ ሥራ ከተገኘ ምግብ የተሻለ ማንም እንዳልበላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የመስጊዱ ጠራጊ ነገር ነው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ የሚጠርግ አንድ ሰው፣ በሌላ ዘገባ አንዲት ሴት፣ በሌሊት ሞተ። ሶሐቦች ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ያንን ሰው በማጣታቸው ጠየቁ፤ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፤ መቃብሩ ድረስ ሄደውም ሰገዱበት። መስጊዱ ንጹሕ ሲሆን የማን እጅ እንዳጸዳው ያወቁ እርሳቸው ነበሩ።

የጣና ደንገል ስሙ እስከ አሜሪካ ዳርቻ ደርሷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችውን የመጀመሪያዋን ጀልባ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ዐብዱላህ ጂብሪን የተባለው ቻዳዊ አብሮ ተሳፍሯል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ሆኖም የኋላ ጅራቷን ወጥሮ የሚይዝ አንድ ገመድ ስላልተደረገላት ጅራቷ እየሰመጠ ሄደ፤ ሁለት ወር ሊሞላት ሲል ተተወች። በዓመቱ ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዓለም አጨበጨበ። የእጅ ባለሙያን ነገር እንደ ቀላል የሚያይ ሰው ይህችን አንዲት ገመድ ያስታውስ፤ ውቅያኖስ የሚያሻግረውም የሚያስቀረውም በእርሷ ነበር።

በጣና ላይ ግን ዘመኑ ተለወጠ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ መሄድ ጀመረ። ከዚያም ባሕር ዳር አደገች፤ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ። ከተማው በሰፋ ቁጥር በሐይቁ ዳር የኖሩት ሰዎች ወደ ኋላ ተገፉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አድርጎ ለብዙ ሙስሊም ገበሬ በር ሲከፍት፣ ኑሮው ውሃና ደንገል ለነበረው ሰው ያን ያህል አልጠቀመውም። ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየና ዳርቻውን ወረረው። ዛሬ ታንኳ የሚሠራ ወጣት ከአባቱ ያነሰ ደንገል፣ ከአባቱ የራቀ መንገድ አለበት።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ የሞተር ጀልባውንና የደሴቶቹን ውበት ብቻ አታሳዩአቸው። ታንኳውን አሳዩአቸውና «ይህን የሠራው ሙስሊም ወንድማችሁ ነው» በሏቸው። ባለሙያው ወደ ቤታችሁ ሲመጣ፣ ታንኳ ሠሪም ይሁን ድንጋይ ጠራቢ፣ አናጢም ይሁን ወንበር የሚያበራ፣ ዋጋውን ሳታጓትቱ ክፈሉት፤ ስሙንም ጠይቁት። ውሃ ሲለምን እናንተ በምትጠጡበት ጣሳ አጠጡት። ልጁ ለልጃችሁ ሲታጭ ደግሞ ዲኑንና ምግባሩን ተመልከቱ እንጂ የአባቱን ሙያና የነገዱን ስም አትቁጠሩ።

እነዚያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም ብዬ እገምታለሁ። የገዛነው ወፍጮ ግን ረጅም ዘመን አገልግሎናል፤ እህላችንን በርሱ ላይ ፈጭተን በላን። በእጃቸው ሥራ ላይ እህላችንን ስንፈጭ አልተጸየፍንም፤ የተጸየፍነው እጃቸውን ነበር። አላህ ይህን ዓይነቱን ኩራት ከልባችን ያውጣልን፤ የእጅ ሥራቸውን ይባርክላቸው፤ ሁላችንንም በአንድ ሰፍ ያቁመን። አሚን።