ጉባ ሲነሣ ስማቸው የማይነሣ ሰዎች

ጉባ በተባለ ቁጥር ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ግድቡ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ግን የጉባ ወረዳ የሚገኝበት የመተከል ዞን በሌላም ነገር ታወቀ፤ በግድያና በመፈናቀል። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ በአንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 34 ሰዎች ተገደሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ። በጥር ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተፈናቃዩ ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን አስታወቀ።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ግድቡም ስለ ገዳዮቹም አይደለም። በዚያ ክፉ ዘመን ውኃ ስላጠጡ፣ በር ስለከፈቱ፣ ማዕዳቸውን ስላካፈሉ ተራ ሰዎች ነው። ታሪካችን ለነገሥታትና ለአዋጊዎች የሚተርፍ ብዙ ብራና አለው፤ ለእነዚህ ግን አንድ ገጽ እንኳ ሲነፍጋቸው ኖሯል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ለዘመናት የተጠቃ ሕዝብ ነው። የባሪያ ንግድና ባርነት በአዋጅ የተወገደው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በዛሬዎቹ አረጋውያን ወላጆች ዘመን መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ሕዝብ ከደጋ የሚመጣን እንግዳ ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ ማን ይፈርድበታል? እነሆ ግን በዚያው በመተከል «ሚቹ» የሚባል ሥርዓት አደገ። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ ወዳጅ ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ገበሬ ከአንድ የጉሙዝ ባለ መሬት ጋር በወዳጅነት ይተሳሰራል፤ የሚያርሰው መሬት ያገኛል፤ ካመረተውም ያካፍላል። ወዳጅነቱ በሁለት ሰዎች ብቻ አይቀርም፤ ቤተሰብን ከቤተሰብ ያስተሳስራል። የታሪክ ምሁሩ ጸጋ እንዳለው ይህን ሥርዓት በጥናት መዝግበውልናል። እኔን የሚገርመኝ ሥርዓቱን ያቆመው ንጉሥ ወይም ሕግ አውጪ አለመኖሩ ነው። ያቆሙት ገበሬዎች ናቸው።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ደርግ በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች እያነሣ በጣና በለስ፣ ዛሬ ፓዌ በምንለው ሥፍራ፣ በአሥር ሺዎች አሰፈረ። ሰፋሪው የተራበ ነበር፤ ብዙው ወዶ አልመጣም። ጉሙዙም መሬቱ ሲወሰድ አልተጠየቀም። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። የሚቹ እንግዳ በር አንኳኩቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ ነበር የሚገባው፤ የ1977ቱን ሰፋሪ ግን መንግሥት በካድሬና በመኪና ባለቤቱ ሳያውቅ አስገባው። ደም መፋሰስም ተከተለ። የሆነው ሆኖ ስለ ጉሙዝና ስለ ሰፋሪዎች ሰፊ ጥናት ያደረጉት ወልደስላሴ አቡቴ እንዳሳዩት፣ በጠቡ መካከልም በገበያና በጉርብትና ወዳጅ የሆኑ ሰዎች አልጠፉም። መንግሥት ያበላሸውን ሕዝብ በትንሽ በትንሹ ሲጠግን ኖረ ማለት ነው።

«እንግዲያ በ2013 ዓ.ም. ያ ወዳጅነት የት ነበር?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠመንጃ የያዘን፣ የተደራጀን ኃይል የሚቹ ቃል ኪዳን አላስቆመውም፤ ይህን መካድ በሙታን ላይ መቀለድ ይሆናል። ግን ወደ ድንበሩ ሻገር ብለን እንመልከት። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከመተከል ሸሽተው ሱዳን የገቡ ከ7 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ገለጸ፤ አብዛኞቹ ጉሙዞች ነበሩ። የት ተጠለሉ? ብዙዎቹ በብሉ ናይል ግዛት በሱዳናውያን መካከል፣ ራሳቸው ችግረኛ ከሆኑ ሰዎች ዘንድ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በተራዋ ነደደች። አሁን ደግሞ ሱዳናውያኑ በኩርሙክ በኩል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገቡ። ትናንት ያስጠጋ ዛሬ ጥገኛ ሆነ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሉት አባቶች ይህን ዓይተው ነው።

ይህን የምጽፈው ልብ ለማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ፖለቲካዊ ቁም ነገር ስላለው ነው። በእነዚያ ወራት ገዳዩን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ሕዝቡን በጅምላ መጥራት ተለመደ። አንዱ «ጉሙዝ እንዲህ ነው» አለ፤ ሌላው «ቀዮቹ እንዲህ ናቸው» አለ። የጅምላ ፍርድ ደግሞ የቀጣዩ ግድያ ስንቅ ነው። ይህን ፍርድ የሚያፈርሰው ትልቁ ማስረጃ ጎረቤቱን ያዳነ ሰው ነው። አንድ አዳኝ ከተገኘ «ሁሉም» የሚለው ቃል ሐሰት ይሆናል። ስለዚህም ነው ጥላቻ ሰባኪዎች ከጠላቶቻቸው ይልቅ ደግ ሰዎችን የሚፈሩት።

ሌሎች ይህን ተረድተውታል። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አይሁዳውያንን ያዳኑ የሌላ ወገን ሰዎችን በስም እየመዘገበች ታከብራለች። በሩዋንዳ ዙራ ካሩሂምቢ የተባሉ ባህላዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1994 ከ100 በላይ ሰዎችን በደሳሳ ጎጇቸው ደብቀው አትርፈዋል። መሣሪያቸው የጠንቋይነት ዝናቸው ብቻ ነበር፤ ገዳዮቹ የመናፍስት ቁጣ እንዳይወርድባቸው ፈርተው ተመለሱ። ሩዋንዳ ለእኚህ ሴት ሜዳይ ሰጥታለች። እኛስ?

ከመተከል የተፈናቀሉ ሰዎች በቻግኒ ራንች ተጠልለው ሳለ ስንት ሞተብህ፣ ስንት ከብት ተዘረፈብህ፣ ማን ገደለ ተብለው ተጠይቀዋል። መጠየቁም ግዴታ ነው፤ ፍትሕ ያለ ማስረጃ አይቆምምና፤ የአዳኙ ደግነትም ለገዳዩ ምሕረት አይሆንም። ግን አንድ ጥያቄ ይጨመር እላለሁ፦ «ማን አዳነህ? በጫካው መንገድ ማን አጠጣህ? ማን ቀድሞ አስጠነቀቀህ?» ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አገዉም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም እኩል ይጠየቅ። መልሱ ይጻፍ፤ ስማቸው መነገሩ ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ከሆነ ስሙ ይቆይ፣ ሥራው ግን ይመዝገብ።

ግድቡ የያዘው ውኃ በኪዩቢክ ሜትር ይለካል፤ መዝገቡም አለን። በዚያው ምድር ለተሳደደ ሰው በቅል የተሰጠው ውኃ ግን መዝጋቢ አላገኘም። ያጠጡትም የጠጡትም ገና በሕይወት ሳሉ ሄደን እንጠይቃቸው።

ቸር ያሰንብተን።