ብልጭ ድርግም የምትለዋ አምፖል ከየት መጣች? የኒው ዮርክ የገና መብራቶች ታሪክ

በገና ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ካፌ ወይም ሱቅ ጎራ ብትሉ፣ ጥግ ላይ የቆመ የፕላስቲክ ጽድ ማየታችሁ አይቀርም። በላዩ ላይ ደግሞ ጥቃቅን አምፖሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ይሄ ነገር ከየት መጣ? «ከፈረንጅ ነዋ!» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ግን ከየትኛው ፈረንጅ? መቼ? ለምን?

መልሱን ለማግኘት እስቲ ኒው ዮርክ ድረስ በሐሳብ እንሂድ። እዚያ በገና ሰሞን ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ መብራት ማየት ራሱን የቻለ ልማድ ነው። እኛም አራት ቦታ እንቆማለን። በየቦታው አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፦ ይሄ ብርሃን የማን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ የሀብታም ሳሎን፣ 1882

ከኤሌክትሪክ በፊት የገና ዛፍ የሚያበራው በሻማ ነበር። አስቡት፤ ተቆርጦ ቤት ውስጥ የሰነበተ፣ ቀን በቀን እየደረቀ የሚሄድ ዛፍ፣ በየቅርንጫፉ ላይ የሚነድ ሻማ! ጠንቃቃ ቤተሰብ ሻማውን የሚለኩሰው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ አጠገቡም ውኃ የሞላ ባልዲ ያስቀምጣል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ቤት ተቃጥሏል።

መስከረም 4 ቀን 1882 የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ በደቡብ ማንሃተን፣ ፐርል ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ሥራ አስጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ያበራው ወደ 400 የሚሆኑ አምፖሎችን ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ሕዝቡ ይፈራዋል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ታዲያ ሰውን እንዴት ማሳመን ይቻላል?

ኤድዋርድ ጆንሰን የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ 36ኛው ጎዳና ላይ ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ አንድ ዛፍ አቆመ። የዋልነት ፍሬ የሚያካክሉ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎችን በእጅ በሽቦ አገናኝቶ ዛፉን አስጌጠው። ዛፉ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ ሲዞር አምፖሎቹ በተራ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። አያችሁ? ብልጭ ድርግም ማለት የመጣው ከመጀመሪያው ዛፍ ጋር ነው። ጆንሰን የጋዜጣ ሰው ጠርቶ አሳየ፤ ዜናውንም አንድ የዲትሮይት ጋዜጣ ዘጋቢ ጻፈው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ገና ዛፍ በዓል ብቻ አልነበረም፤ ማስታወቂያም ነበር። ብርሃኑ የማን ነው? የሻጩና የሀብታሙ።

ሁለተኛ፦ የሁሉም ሰው ዛፍ፣ 1912

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ዓይነት ዛፍ የሚያቆመው ባለጸጋ ብቻ ነበር። ምክንያቱም እያንዳንዱን አምፖል ከሽቦው ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ መቅጠር ያስፈልጋል። ጀነራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ተገጣጥሞ ያለቀ የመብራት ሰንሰለት መሸጥ የጀመረው በ1903 ነው፤ እሱም ቢሆን ለተራ ሠራተኛ ውድ ነበር። ብዙ ድሃ ቤተሰቦች ደግሞ ኤሌክትሪክ ቀርቶ ዛፉ ራሱ አልነበራቸውም።

ከጆንሰን ቤት ወደ ደቡብ ጥቂት ብትራመዱ ማዲሰን አደባባይ መናፈሻ ትደርሳላችሁ። በ1912 የገና ዋዜማ፣ ከአዲሮንዳክ ተራሮች የመጣ ረጅም ዛፍ እዚህ ቆመና በኤሌክትሪክ መብራት ደመቀ። ሐሳቡን ያመነጨችው ኤሚሊ ሄሬሾፍ የተባለች ሴት ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቤቱ ዛፍ የሌለው ሰው መጥቶ የሚያየው ዛፍ ይኑር፤ መግቢያ አይከፈልበት። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ የአደባባይ የገና ዛፎች አንዱ ይሄ ነው። ለመታሰቢያው የተተከለው ባለ ኮከብ ምሰሶም እዚያው መናፈሻ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ እንጨምር። በቤታችሁ አንዲት አምፖል ተቃጥላ ሰንሰለቱ በሙሉ ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ይሸጥ የነበረው ሰንሰለት 8 አምፖሎች ነበሩት፤ እነሱም በተከታታይ የተገናኙ ናቸው። ማለትም ኤሌክትሪኩ ከአንዷ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ይገባል እንጂ ሌላ መንገድ የለውም። የቤቱን 120 ቮልት ለ8 ስታካፍሉት ለእያንዳንዷ 15 ቮልት ይደርሳታል። አንዷ ስትቃጠል መንገዱ ይቆረጣል፤ ሁሉም ይጨልማል። የትኛዋ እንደተበላሸች ለማወቅ አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ግድ ነበር! ከዚያ በኋላ በመጡት ትንንሽ አምፖሎች ውስጥ አንዲት ተጨማሪ ቀጭን ሽቦ ገባች፤ አምፖሏ ስትቃጠል ኤሌክትሪኩ በዚያች በኩል ያልፋል።

ሦስተኛ፦ መብራት ያልነበረው ዛፍ፣ 1931

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ፤ ሮክፌለር ማዕከል። የዛሬው ዛፍ ከ50,000 በላይ አምፖሎች አሉት፤ ሽቦው ቢዘረጋ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ግን አጀማመሩ እንዴት ነበር መሰላችሁ?

ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። ሥራ የጠፋበት፣ ሰው ለዳቦ የሚሰለፍበት ጊዜ። ሮክፌለር ማዕከል ገና ግንባታ ላይ ነበር፤ እዚያ ሥራ ያገኙት ደግሞ ዕድለኞች ነበሩ። በገና ዋዜማ ሠራተኞቹ ገንዘብ አዋጥተው 6 ሜትር ገደማ የሚሆን ዛፍ ገዙ። ያስጌጡት በክራንቤሪ ፍሬ፣ በወረቀትና በቆርቆሮ ጣሳ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረውም። በዚያ ዛፍ ሥር ተሰልፈው ደሞዛቸውን ተቀበሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የማዕከሉ አስተዳደር ልማዱን ተረከበና 700 አምፖሎች ያሉት ዛፍ በይፋ አበራ። በ1944 ግን ዛፉ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ዋለ፤ በጦርነቱ ምክንያት መብራት የሚከለክል ደንብ ወጥቶ ነበር። በ2007 ደግሞ ኤልኢዲ አምፖሎች ገቡ፤ የቀን ፍጆታው ከ3,510 ወደ 1,297 ኪሎዋት ሰዓት ወረደ። ሲሶ ገደማ ቀረ ማለት ነው። ምክንያቱም የድሮ አምፖል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ኤልኢዲ ግን የተሻለውን ድርሻ ለብርሃን ያውለዋል።

አራተኛ፦ የተራ ሰው ግቢ

በመጨረሻ የምድር ውስጥ ባቡር ይዘን ወደ ደቡብ ብሩክሊን እንውረድ፤ ዳይከር ሃይትስ ወደሚባለው ሰፈር። በጣሊያን አሜሪካውያን ነዋሪዎቹ የሚታወቅ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ከጣሪያ እስከ አጥር በመብራት ማስጌጥ ያዙ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተፎካከረ። ዛሬ ከመላው ከተማውና ከውጭ አገር ጭምር ሰው ይጎርፋል። ማየት በነጻ ነው። የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው።

ሁሉም ግን ደስተኛ አይደለም። መንገዱ በመኪና ይዘጋል፣ ቆሻሻ ይጣላል፣ ሰላም የሚፈልግ ጎረቤት ያጉረመርማል። ብርሃኑ የባለቤቱ ነው? የተመልካቹ? ወይስ መተኛት የፈለገው ጎረቤትም ድርሻ አለው? ጥያቄው አሁንም ክርክር እንዳስነሳ ነው።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንድ ባለጸጋ ሳሎን ተነስተን ተራ ሰው ግቢ ደረስን። ማስታወቂያ የነበረውን ሰዎች ቀስ በቀስ የራሳቸው አደረጉት፤ አንዷ ለአደባባዩ፣ ሌሎቹ ለሥራ ቦታቸው፣ ሌሎቹ ለሰፈራቸው። እኛ አገር ዛሬም የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሳቸው ብዙ የገጠር ቤቶች አሉ፤ ገናን በጧፍና በኩራዝ የሚያነጉም አሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ካፌ ውስጥ ያቺን ትንሽ አምፖል ስታዩ፣ ያንን ጥያቄ አትርሱት፦ ይሄ ብርሃን የማን ነው? ማንስ ገና አልደረሰውም?